ከነቀምቴ የተነሣ ትዳር፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳና ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ

የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አሟሟታቸው ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆነው በማገልገል ላይ ሳሉ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ የፀጥታ ሰዎች ታፍነው ተወሰዱ፤ በዚያው ሌሊትም ተገደሉ። ዛሬ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ጽሑፎቻቸው ይጠናሉ። በውጭ አገር ስለ እሳቸው የሚጽፉ ምሁራንም በናዚዎች ከተገደለው ጀርመናዊ ፓስተር ከዲትሪሽ ቦንሆፈር ጋር እያነጻጸሩ የአፍሪካው ቦንሆፈር ይሏቸዋል።

ንጽጽሩ ብዙ እውነት አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ይሰናከላል። ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1939 ከኒውዮርክ ወደ ሂትለር ጀርመን ለመመለስ ሲወስን ሚስትም ልጅም አልነበረውም። እጮኛ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1943 መጀመሪያ ሲሆን ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ታሰረ፤ ሠርጉ ሳይደርስም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 በስቅላት ተገደለ። ቄስ ጉዲና ግን ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ። ከአገር መውጣት እየቻሉ ለመቅረት ሲወስኑ የውሳኔውን ዕዳ አብሮ የሚከፍል ሰው በቤታቸው ውስጥ ነበር። እኚህ ሰው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ናቸው።

ስለ ጉዲና የቤተ ክርስቲያን መሪነት ብዙ ስለተጻፈ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በትዳራቸው ላይ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ሕይወትና ለሚስት የተሰጠ ቃል በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? የእነዚህ ባልና ሚስት ታሪክ ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፈው አይደለም።

ነቀምቴና ወንጌል

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ነቀምቴ የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። ክርስትና ከተነሡ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም በከተማዋ ይታያል። የወንጌላውያን እምነት በዚች ከተማ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1904 ኦነሲሞስ ነሲብ ከመጡ በኋላ ነው። ኦነሲሞስ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ፣ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙ ሰው ነበሩ። በዚህ ሥራ ያገዟቸው አስቴር ጋኖም እንደ እሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡ ሴት ነበሩ። ኦነሲሞስ ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ክስና ተቃውሞ እየገጠማቸው ሲያስተምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያው አረፉ።

ከእሳቸው በኋላ የስዊድን ሚሲዮን በነቀምቴ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቋመ። በምዕራብ በኩል በአይራ የጀርመን፣ በደምቢ ዶሎ ደግሞ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ሰፈሩ። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ የስዊድን ሚሲዮናውያን ተባረሩ። ጉባኤዎቹን በእነዚያ ዓመታት ያቆዩዋቸው የአገሬው ምእመናን ነበሩ። ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰቡትም በየመኖሪያ ቤታቸው ነበር። የወለጋ ወንጌላውያን እምነት ገና ከጥንቱ ከቤተሰብ ጋር የተቆራኘው በዚህ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ትዳርንም የነካ ለውጥ ነበር። በአካባቢው ልማድ ጋብቻ የሁለት ጎሳ ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ወላጆች ይስማማሉ፣ ጥሎሽ ይሰጣል። ባለጠጋ ሰው ከአንድ በላይ ሚስት ማግባቱ እንደ ክብር ይታይ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ዻላ በሚባለው ልማድ ለሟች ወንድም ወይም ለቅርብ ዘመድ ትሰጥ ነበር። አዲሶቹ ጉባኤዎች የሽማግሌውን ደንብና የወላጅን ምርቃት ጠብቀው፣ አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር እስከ ሞት ድረስ እንዲኖር አስተማሩ። ሴት ልጅም ማንበብ እንድትማር አደረጉ። ማታ ከራት በኋላ ባልም ሚስትም ከአንድ መጽሐፍ እየተፈራረቁ የሚያነቡበት ቤት ለዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። ጉዲናና ፀሐይ የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው።

ከቦጂ እስከ ሆስፒታሉ ግቢ

ጉዲና ቱምሳ በምዕራብ ወለጋ ቦጂ ውስጥ ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጡ። ከጣሊያን መባረር በኋላ ትምህርት ፍለጋ ወደ ነቀምቴ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ራሳቸውን ለመርዳት ሥራ የጀመሩት በሆስፒታሉ ግቢ ሲሆን፣ ከዝቅተኛ ሥራ ተነሥተው ሥልጠና ወስደው ድሬሰር ሆኑ። ስዊድናዊውን ሐኪም ዶክተር ሶደርስትሮምን በቀዶ ሕክምና ያግዙ እንደነበርም ይታወቃል።

ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም የወለጋ ልጅ ናቸው። የልጅነት ዕድሜያቸው ከጣሊያን ወረራ ጋር ስለገጠመ ጦርነት በአንድ ቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ያወቁት ገና ከጠዋቱ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ተጋቡ፤ ልጆችም ወለዱ።

በሆስፒታል መሥራት በዚያ ዘመን ለአንድ ወጣት የተከበረና ደመወዙ የማይቋረጥ ሥራ ነበር። በሽታ የበዛበት አገር ስለነበር ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የሚችል ሰው በየትም ቦታ ይፈለጋል። ጉዲና ግን ይህን ሥራ ትተው ለቅስና ለመማር ወሰኑ። በነጆ ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ1958 ተቀቡና በነቀምቴ ጉባኤ አገልጋይ ሆኑ። አንድ አባወራ የሠለጠነበትን ሙያ ትቶ የጉባኤ አገልጋይ ሲሆን ውሳኔው የቤቱን ገበታ ይነካል። የትዳራቸው የመጀመሪያው ፈተና ይኸው ነበር፤ ቤቱም ፈተናውን አለፈው።

የቄስ ቤት

በወለጋ ከተሞች የቄስ ቤት ምን እንደሚመስል ያደገበት ሰው ያውቀዋል። በር አይዘጋበትም። ከጊምቢ፣ ከአርጆ ወይም ከሻምቡ በኩል ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ ነቀምቴ የመጣ ምእመን የሚያውቀው ቤት ቢኖር የቄሱ ቤት ነው። ቡናው ይፈላል፣ መደቡ ይነጠፋል። የተጣሉ ባልና ሚስት ለመታረቅ የሚመጡት፣ ለሠርግ የሚመካከሩት፣ ለቀብር የሚጠሩትም በዚሁ በር ነው። ቄሱ መሬት ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ የገጠር ጉባኤ ለመጎብኘት ሲሄድ ይህን ሁሉ የምትሸከመው ሚስቱ ናት። ስሟ በመዝገብ አይሰፍርም፤ ደመወዝም የላትም። አገልግሎቱ ግን ያለእሷ አንድ ቀን አያድርም።

መካነ ኢየሱስ እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወቅቱ አባላቷ 20 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በወለጋ የሚኖሩ ነበሩ። በመሆኑም የነቀምቴ ጉባኤ አገልጋይ መሆን ትንሽ ኃላፊነት አልነበረም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት ያሏት ስትሆን፣ ያ ዕድገት የመጣው በጉባኤ ውሳኔ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባሉ ቤቶች ጭምር ነው።

ሰው አይከፈልም

ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ አሜሪካ ሄደው በሚኒሶታ ግዛት ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመለሱ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌላው የወለጋ ሰው፣ የቀድሞው ዲፕሎማትና ሚኒስትር ክቡር አቶ አማኑኤል አብርሃም ናቸው። የቤተሰቡ ኑሮም ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ስማቸው የታወቀው ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ነው። በዚያን ጊዜ የምዕራብ አገሮች ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ በቀላሉ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ። ቀደም ያሉት ሚሲዮናውያን በበኩላቸው ነፍስን አስቀድመው ሥጋን የሚያስከትሉበት ጊዜ ነበር። የጉዲና መከራከሪያ ሰው አይከፈልም የሚል ነው። የተራበው ሰውና የሚጸልየው ሰው አንድ ሰው ነው፤ አንዱን ወገን ብቻ የሚያይ ዕርዳታም ሆነ ስብከት ሰውየውን አላየውም። ደብዳቤው ብዙ አነጋገረ፤ ፌዴሬሽኑም እ.ኤ.አ. በ1974 ናይሮቢ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ጠራ።

ይህ አስተሳሰብ ለትዳርም ትርጉም አለው። ሰው በመድረክ ላይ አንድ፣ በቤቱ ሌላ ሊሆን አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ፍቅር የሚያስተምር ሰው ትምህርቱ የሚመዘነው በጓዳው ነው። ጉዲና ሰው ሙሉ ነው ሲሉ፣ የእሳቸውም ሕይወት ዋና ጸሐፊውና ባልየው ተብሎ ለሁለት ሊከፈል አይችልም ማለት ነው። ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ያምራል፤ አብዮቱ ሲመጣ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ ታወቀ።

የቀይ ኮከብ ዘመን

የ1966ቱን ለውጥ ቄስ ጉዲና በጥላቻ አልተቀበሉትም። የወለጋን ጭሰኛ ኑሮ የሚያውቅ ሰው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ሊያዝንበት አይችልም። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንቱ ባቀረቡት ማስታወሻም ቤተ ክርስቲያኒቱ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ እንዴት በራሷ እግር መቆም እንዳለባት አሳስበዋል። በውጭ ገንዘብ ላይ መመካት እንዲቀር፣ አገልጋዮች በአነስተኛ ደመወዝ ለመኖር እንዲዘጋጁ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ።

ነገሩ ግን በፍጥነት ከፋ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ሕዝቡ ብሥራተ ወንጌል ብሎ የሚጠራው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ራዲዮ ጣቢያ በመንግሥት ተወረሰ። ቀይ ሽብር ወጣቱን ፈጀ። በወለጋ ጉባኤዎች መዘጋት፣ አገልጋዮችም መታሰር ጀመሩ። ቄስ ጉዲና የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናትን ያቀፈ የትብብር ምክር ቤት እንዲቋቋም ግንባር ቀደም ሆነው መሥራታቸው፣ ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥት ቃል አቀባይ እንድትሆን አለመፍቀዳቸው በዓይነ ቁራኛ እንዲታዩ አደረጋቸው። በተጨማሪም ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ መሆናቸው ጥርጣሬውን አከበደው።

በጥቅምት 1971 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ፤ ተፈቱ። በግንቦት መጨረሻ እንደገና ታሰሩ፤ ከሳምንታት በኋላ ተፈቱ። ሁለተኛው እስር ሦስተኛ እንደሚኖረው ለሁሉም ግልጽ ነበር። የውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት ወዳጆቻቸው ከኢትዮጵያ የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው። ቄስ ጉዲና እምቢ አሉ። መንጋው በሚጨነቅበት ጊዜ እረኛው መሸሽ የለበትም የሚል ነበር አቋማቸው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታትም አንድ ክርስቲያን በሚኖርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ ጽሑፍ አዘጋጁ።

ሁለት ትእዛዝ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህን ታሪክ በስብከት የሚጠቅሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እምቢታውን አድንቀው ወደ ሰማዕትነቱ ይሻገራሉ። ባለትዳር ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣበታል። ይህ ሰው ሚስትና ልጆች እያሉት ለመቅረት የመወሰን መብት አለውን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያላገባ ሰው የጌታን ነገር እንደሚያስብ፣ ያገባ ግን ሚስቱን ደስ ስለሚያሰኝበት ነገር እንደሚያስብና ልቡ እንደሚከፈል ተናግሯል። በዚያው ክረምት በደርግ የተገደሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ መነኩሴ ነበሩ፤ ሞታቸው ባልቴት አላስቀረም። ያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ደግሞ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ እንዲወድ፣ ራሱንም ስለ እርሷ እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ ቄስ ጉዲና ራሳቸውን ለማን ይስጡ? ለመንጋው ወይስ ለፀሐይ?

አንዳንዱ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትቀድማለች ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ግን አደጋ አለው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ለአገልግሎት ስም የረሳ ሰው ሁሉ የሚደበቅበት ዋሻ ነው። ሌላው ደግሞ ቤተሰብ ይቀድማል ይላል። ያም ቢሆን እምነትን በቤት አጥር ውስጥ የሚያስቀር ነው። ሰው አይከፈልም ብለው ለዓለም የጻፉት ጉዲና ራሳቸው ለሁለት የሚከፈሉበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

መልሱን በቃል ሳይሆን በድርጊት መፈለግ ይሻላል። ድርጊቱም የሚገኘው በዚያች ቅዳሜ ዕለት ነው።

በአንድ መኪና

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው። ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ጉባኤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰጥተው ወጡ። ወይዘሮ ፀሐይ አብረዋቸው ነበሩ። ሁለት ጊዜ የታሰረ፣ ሦስተኛው እንደማይቀርለት የሚያውቅ ሰው ወደ አገልግሎት ሲወጣ ሚስቱ ከቤት ልትቀር ትችል ነበር፤ ፍርሃት ቢይዛትም ማንም አይፈርድባትም። እሳቸው ግን ከጎናቸው ነበሩ። የፀጥታ ሰዎች ሁለቱንም ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ለይተው ወስደው ከከተማ ውጪ ጣሏቸው። ባለቤታቸውን ከዚያ በኋላ በሕይወት አላዩዋቸውም።

ጉዲና ሲሞቱ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር።

ይህች ዕለት ለተነሣው ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ሙሉ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ታደርጋለች። ከነቀምቴ የጀመረው ትዳር፣ አንዱ የሚወስንበትና ሌላው ውጤቱን ከሩቅ የሚሰማበት ትዳር አልነበረም። ሆስፒታሉ ሲለቀቅ፣ ቤቱ ለእንግዳ ሲከፈት፣ ኑሮ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አብረው የሄዱ ሰዎች እስከ መጨረሻው መንገድም አብረው ሄዱ። ያን ቀን የተለያዩት በአፋኞቹ እጅ እንጂ በራሳቸው ፈቃድ አይደለም።

አሥር ዓመት

ከዚያ በኋላ ያለው የትዳሩ ታሪክ የወይዘሮ ፀሐይ ብቻ ነው። የባላቸው መጨረሻ አልተነገራቸውም። ሬሳ የለም፤ መቃብር የለም፤ ለቅሶ የሚቀመጡበት ቀንም አልተሰጣቸውም። በእኛ አገር ባህል ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ሐዘን ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያውቀዋል። ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት የማይባልለት ሞት አያልቅም።

በየካቲት 1972 ዓ.ም. እሳቸውም ታሰሩ። ጥፋታቸው የጉዲና ሚስት መሆናቸውና በኦነግ ደጋፊነት መጠርጠራቸው ነበር። ከባድ ድብደባና ስቃይ ደረሰባቸው፤ በሰውነታቸው ላይም ዘላቂ ጉዳት ተወ። ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። አባታቸውን ያጡት ልጆች አሁን እናታቸውንም አጡ፤ ተበታተኑ፤ ከፊሎቹም አገር ጥለው ወጡ።

በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ እስር ቤቶች በባላቸው ወይም በዘመዳቸው ምክንያት የታሰሩ ሌሎች የወለጋ ሴቶችም ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ የደምቢ ዶሎ ተወላጅዋ ጋዜጠኛ ማርታ ኩምሳ ናት። እሷም ከ1972 እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ ያለፍርድ ታስራለች፤ ባለቤቷ ከአገር ወጥቶ ነበር። የሁለቱ ሴቶች ሕይወትና የመረጡት መንገድ የተለያየ ነው። የሁለቱም ትዳር ግን መንግሥት ባልን ለመቅጣት ሚስትን የሚይዝበትን ዘመን ያሳያል።

ለአንዲት ባለትዳር ሴት ከዚህ የበለጠ የመማረር ምክንያት የለም። ባልየው መውጣት ይችል ነበር፤ አልወጣም። ወይዘሮ ፀሐይ ይህን እያወቁ አሥር ዓመት በእስር አሳለፉ። የተፈቱት በ1982 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። ሲወጡ እምነታቸውንም የባላቸውንም ስም አልጣሉም። ያለፉበትን ሁሉ ለኖርዌጂያዊቷ ጸሐፊ ለአውድ ሴቨሮስ ተርከው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ቋንቋዎች መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የጉዲና ታሪክ ለዓለም ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ የሚስታቸው ትዝታ መሆኑን ልብ ይሏል።

13 ዓመት ያለ መቃብር

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት በምሥጢር የተቀበሩ ሰዎች አፅም ሲፈለግ የቄስ ጉዲናም ተገኘ። የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅምም የተገኘው በዚሁ ዓመት ነው። በሰኔ 1984 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት በክብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ፀሐይ ባላቸውን ለመቅበር 13 ዓመት ጠብቀዋል። ከዚህ ውስጥ አሥሩን ዓመት ገደማ የጠበቁት በእስር ቤት ሆነው ነው።

በዚያው ዓመት በቄስ ጉዲና ስም ፋውንዴሽን ተቋቋመ። ጽሑፎቻቸው ተሰብስበው ታተሙ፤ ስለ እሳቸውም ዓውደ ጥናቶች ተካሄዱ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ሲሰጥ ወይዘሮ ፀሐይ በሕይወት ነበሩ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. አረፉ።

ለዛሬ ባለትዳሮች

ዛሬ በነቀምቴም ሆነ በአዲስ አበባ ሠርግ በሚበዛበት ወር ሙሽሮች በደስታም በመከራም፣ በጤናም በሕመምም ላይለያዩ ቃል ሲገቡ እንሰማለን። ቃሉ በፍጥነት ይነገራል፤ ጭብጨባውም ይከተላል። አብዛኞቻችን ቄስ ጉዲና የገጠማቸው ዓይነት ምርጫ አይገጥመንም። የሚገጥመን አነስ ያለ ነው። አንዱ ለሥራ ወይም ለትምህርት ውጭ አገር ሲሄድ፣ አንዱ ለአገልግሎት ወይም ለፖለቲካ ሲሰጥ፣ ሌላው ቤቱን ይዞ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ ግን በመጠን እንጂ በዓይነት አይለይም፤ የአንዱን ጥሪ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ከዚህ ታሪክ ባል ሁሉ እንደ ጉዲና ይቅር፣ ሚስት ሁሉ እንደ ፀሐይ ትታገሥ የሚል ትምህርት ማውጣት ስህተት ይሆናል። በሌላ ሰው መከራ መስበክ ቀላል ነው። ከታሪኩ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ሕይወት ሚስትን ሳያውቋት የሚጫንባት ሸክም ከሆነ ክርስቲያናዊ ፍቅር አይባልም። ጉዲና ለመንጋው ሲቀሩ ሚስታቸውን ከሕይወታቸው ዳር አላስቀመጧትም፤ ፀሐይም በዳር የቆሙ ሴት አልነበሩም። ለባላቸው የሰጡት ፍቅር ባላቸው ከሞቱ በኋላ የተፈተነ ፍቅር ነው። ሊያዩት፣ ሊመልስላቸው፣ ሊያመሰግናቸው የሚችል ሰው በሌለበት ቃላቸውን ጠበቁ።

የቄስ ጉዲና ስም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ከሰማዕታት ጋር ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ስማቸው ሲነሣ ግን አንድ ቁጥር አብሮ ቢነሣ መልካም ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያች የሐምሌ ቅዳሜ በኋላ የጉዲና ቱምሳ ሚስት ሆነው 35 ዓመት ኖረዋል።